ልጄ ላሞትሪጅን ከጀመረች በኋላ ሽፍታ ወጣባት፤ ላቁመው ወይስ ልቀጥል?

የልጅቷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ላይ ነኝ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የሰባት ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ስትወስድ ቆይታለች፤ ቢሻላትም አልፎ አልፎ ስለሚጥላት ሐኪሟ ላሞትሪጅን ጨመረላት። ላሞትሪጅኑን ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ትናንት ማታ ልብሷን ስቀይርላት ደረቷና ጀርባዋ ላይ ሽፍታ አየሁ። ዛሬ ጠዋት ክንዷና አንገቷ ላይም ወጥቷል። ያሳክከኛል ትላለች ግን ያን ያህል አትፎክትም። ሰውነቷ ይሞቃል፣ ስለካት 38.4 ሆነ። ጉሮሮዬን አመመኝ ስለምትል ጉንፋን ይሆናል ብዬም አሰብኩ።

ቀጠሮዋ ገና ነው። ባለቤቴ መድኃኒቱን ሁሉ አሁኑኑ እናቁም ይላል። እኔ ደግሞ ስናቆም መልሶ እንዳይጥላት ፈራሁ፤ ከዚህ በፊት መድኃኒቷ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ አልቆም ብሏት ሆስፒታል ተኝታለች። ኢንተርኔት ላይ የቆዳ ጉዳት ፎቶዎች አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። መድኃኒት የሚያመጣው ሽፍታ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው? ምኗን ልይ? የአለርጂ ሽሮፕ ሰጥቼ ልጠብቅ?

ፋርማሲስት ነኝ፦

እህቴ፣ ማብራሪያውን ኋላ ታነቢያለሽ፣ መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ሐኪሟ ጋ ደውዪ፤ ካላገኘሽው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ቀጣዩን ላሞትሪጅን ሐኪም ሳታናግሪ አትስጫት። ቫልፕሮኤቱን ግን በሰዓቱ ስጫት፣ እንዳታቋርጪው። ባለቤትሽ ሁሉንም እናቁም ያለው ከጭንቀት ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ብታቋርጡ ያ ሆስፒታል ያስገባት መንቀጥቀጥ ሊመለስ ይችላል። ስትሄዱ ሁለቱንም መድኃኒት ከነካርቶናቸው ያዙ። መቼ እንደጀመረች፣ በየሳምንቱ ስንት ሚሊግራም እንደወሰደች ጽፈሽ ያዢ። ሽፍታውን አሁን ፎቶ አንሺው፣ ሐኪሙ ምን ያህል እንደተስፋፋ ያነጻጽርበታል።

ሽሮፑን በተመለከተ፣ የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከኩን ሊያስታግስ ይችላል፤ ከባድ የሆነውን የቆዳ ጉዳት ግን አያስቆመውም። ሽሮፕ ሰጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሽፍታ ሁሉ ወደዚያ አይሄድም። ላሞትሪጅን ከሚወስዱ 100 ሰዎች 10 ያህሉ ላይ የሆነ ዓይነት ሽፍታ ይወጣል፣ አብዛኛውም ቀላል ነው። ከባዱ ግን ልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይበዛል። የመድኃኒቱ ይፋዊ መረጃ ላይ የሰፈረው ከ2 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ከ1,000 ከ3 እስከ 8፣ አዋቂዎች ላይ ደግሞ ከ1,000 ከ1 በታች እስከ 3 ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ልጅሽ ያለችው እዚያው ላይ ነው። ቀላሉንና ከባዱን መጀመሪያ ቀን ላይ በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ለዚህ ነው ላሞትሪጅን በምትወስድ ልጅ ላይ ሽፍታ ሲታይ፣ ሌላ ምክንያት እንዳለው በግልጽ ካልታወቀ በቀር መድኃኒቱ እንዲቆም የሚመከረው።

ሌላ የምጨምረው አለ። ቫልፕሮኤት ጉበት ላሞትሪጅንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ ደሟ ውስጥ ያለው ላሞትሪጅን እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቫልፕሮኤት ለሚወስድ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ላሞትሪጅን የሚጀመረው በጣም ትንሽ ተደርጎ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን በኪሎ 0.15 ሚሊግራም፣ ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት በኪሎ 0.3። 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ መጀመሪያ ላይ በቀን 3 ሚሊግራም ማለት ነው። የ25 ሚሊግራም ክኒን ለሁለት ተሰብሮ ቢሰጣት እንኳ የዚያ አራት እጥፍ ይሆናል። ያንቺ ልጅ ስንት እንደምትወስድ አላውቅም፣ አንቺም ራስሽ አስልተሽ እንዳትለውጪ። ግን ዛሬ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ‹‹ቫልፕሮኤት ላይ ተጨምሮ ነው የተሰጣት፣ መጠኑ ይህን ታሳቢ አድርጓል ወይ?›› ብለሽ ጠይቂ። ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም።

የሁለት ልጆች አባት፦

አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። የኔም ልጅ ካርባማዜፒን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲጀምር ሽፍታ ወጥቶበት ነበር፣ በራሱ ጠፋ፣ መድኃኒቱንም ቀጠለ። ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈው የባሰው የባሰው ብቻ ነው። አንድ ሁለት ቀን ብትጠብቂ ይሻላታል ብዬ አስባለሁ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

ወንድሜ፣ ልጅህ ስለዳነ እንኳን ደስ ያለህ፤ እንዳንተ ልጅ የሆነላቸው ብዙ ናቸው። ግን እዚህ ላይ ጠብቂ የሚለውን ምክር አልስማማበትም። ያንተ ልጅ ትኩሳት ነበረው? ጉሮሮውን አሞት ነበር? ይህች ልጅ ሁለቱም አሏት። ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የሚባለው ከባድ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልክ እንደ ጉንፋን ነው፤ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቀድሞ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ዓይን ማቃጠልና ድካም ይመጣል። ወላጅ ጉንፋን ነው ብሎ ሲጠብቅ ነው የሚያመልጠው። በእርግጥ ጉንፋን ሊሆንም ይችላል፣ ልጆች ላይ ቫይረስም ሽፍታ ያወጣል፣ ማይኮፕላዝማ የሚባል የሳንባ ምች ተህዋስም ከንፈርና ዓይን የሚያቆስል ሽፍታ ያመጣል። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው።

እህቴ፣ ለመውጣት ስትዘጋጁ ልጅሽን ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጠሽ እያት። አፏን አስከፍቺ፤ የከንፈሯን ውስጥ፣ ምላሷን፣ ድዷን ተመልከቺ፣ ነጭ የሆነ ወይም የተላጠ ነገር አለ ወይ? ዓይኗ ቀልቷል? ብርሃን አልችልም ትላለች? ስትሸና ያቃጥላታል? ሽፍታው ላይ ውሃ የቋጠረ አለ? መሃሉ የጠቆረ ክብ ነገር አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽፍታው ያሳክካታል ወይስ ያማታል? ቆዳዋን ሲነኳት አመመኝ የምትል ልጅ ከሚያሳክካት ልጅ ይልቅ ታሳስበኛለች። ከነዚህ አንዱን እንኳ ካየሽ ሐኪም ለማግኘት ስልክ በመደወል ጊዜ አታጥፊ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አይነግርሽም። መጻሕፍት ላይ ‹‹ቀይ ሽፍታ›› ይላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ወይም ከቀሪው ቆዳ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመልከቺ፣ በእጅሽ ዳብሺው፣ ሻካራ ነው? አብጧል? ትኩስ ነው? ግን ቆዳዋን በጣትሽ አትፈትጊው፣ ውሃ የቋጠረ ካለም አታፍርጪው፣ ቅባት ወይም ክሬም አትቀቢው፣ ፕላስተርም አትለጥፊበት። በቅርብ ሌላ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሪ። ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ የሰልፋ መድኃኒቶችም ይህን ያመጣሉ።

በዚህ ያለፈች እናት፦

ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ልጽፍ። የኔ ልጅ በካርባማዜፒን ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም ይዞት ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረ ሳምንታት አልፈው ነው የመጣበት። መጀመሪያ የወሰድኩት ጤና ተቋም ኩፍኝ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። ማታ ከንፈሩ አበጠ። ሌሊት ላይ ምራቁን መዋጥ ስላቃተው በአፉ ጥግ ይፈስ ነበር፤ ሳብስለት ከንፈሩ ላይ ያለው ቆዳ ከጨርቁ ጋር መጣ። አንሶላው ሲነካው ይጮህ ነበር። ያኔ ነው ይህ ኩፍኝ አይደለም ብዬ ይዤው የሮጥኩት።

ሁለተኛው ሆስፒታል መድኃኒቱን ወዲያው አቆሙ፤ እንዳይጥለው በምትኩ ሌቬቲራሴታም ሰጡት። በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል ነው ያስተኙት፣ ምክንያቱም ቆዳው ሲላጥ ሰውነቱ ውሃና ሙቀት ያጣል፣ ኢንፌክሽንም ቶሎ ይገባል። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ነበር የሚመገበው። የቆዳ ሐኪሙ የተላጠው ከሰውነቱ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ ስቲቨንስ ጆንሰን ነው፣ ከ30 በመቶ በላይ ቢሆን ቴን የሚባለው የባሰው ይሆን ነበር፣ በመሃል ያለው ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው ብሎ አስረዳኝ። በሽታው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ስፋቱ ነው።

ለሁሉም ወላጅ አጥብቄ የምነግረው ስለ ዓይን ነው። እኛ ቆዳውን ስናይ ዓይኑን ረስተነው ነበር። የዓይን ሐኪም በየቀኑ እየመጣ ነው ያየው፣ ሽፋኖቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያጸዱለት ነበር። ቆዳው ድኗል፣ ጠባሳ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ቀለሙ ብቻ ቦታ ቦታ ጠቁሯል። ዓይኑ ግን እስካሁን ይደርቃል፣ ጠብታ ከእጃችን አይለይም። ልጃችሁ ይህ በሽታ ነው ከተባለ የዓይን ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ይምጣልኝ በሉ። ቆዳው እስኪድን አትጠብቁ።

እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። የልጅሽን ነገር ሳትነግሪን እንዳትቀሪ።

የልጅቷ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል ነው። አፏና ዓይኗ ንጹህ ነው፣ ውሃ የቋጠረ የለም፣ ቆዳዋም ሲነኳት አያማትም። ሐኪሙ ግን ትኩሳት ስላላትና ጊዜውም ስለሚገጥም መድኃኒቱ ነው ብሎ ላሞትሪጅኑን አቆመ። ቫልፕሮኤቱ ይቀጥላል። መሃል ላይ እንዳይጥላት ለጊዜው ክሎባዛም ጨመረላት። ደም ወስደዋል፣ ጉበቷንና የደም ሕዋሶቿን ያያሉ። ዛሬ እዚሁ ታድራለች። ስለ መጠኑ የነገርሽኝንም ጠየቅኩ፣ መዝገቡን እያየ ነው።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሽፍታው ሲጠፋ ላሞትሪጅኑን በትንሹ መልሰን መሞከር እንችላለን? መጣሉ የቀነሰላት ከሱ በኋላ ስለሆነ ነው። ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ትኩሳት ሲይዘው ያንቀጠቅጠዋል፤ እሱስ?

ሌላ አባት፦

መጀመሪያ እንኳን ቶሎ ደረሳችሁ። ደሙን ማየታቸው ጥሩ ነው፤ እኛ ያጋጠመን ሌላኛው ዓይነት ነበር፣ ድሬስ ይሉታል። ሴት ልጄ ላይ ያመጣው ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። እሷ ላይ ቆዳዋ አልተላጠም፤ ፊቷ አበጠ፣ በተለይ ዓይኗ ሥር፣ አንገቷ ላይ እጢዎች ወጡ፣ ትኩሳቱ አልለቅ አላት፣ ከዚያ ጉበቷ ተቆጣ። ሽፍታው ብቻውን ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም ነበር። መድኃኒቱ ቆሞም ወዲያው አልተሻላትም፣ ከሳምንታት በኋላ ሁሉ ያገረሽ ነበር፤ ቁጣውን ለማብረድ የሰጧትን ስቴሮይድ በጣም ቀስ አድርገው ነው የቀነሱት። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ‹‹ጉበቷ ድጋሚ መቼ ይታያል?›› ብላችሁ ጠይቁ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። አስቀድሞ በደም ምርመራ የሚታወቅበት መንገድ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ፋርማሲስት ነኝ፦

እህቴ፣ ደስ ብሎኛል። መልሶ ስለመሞከር፦ ከባድ የቆዳ ጉዳት ወይም ድሬስ ከሆነ ያንን መድኃኒት መቼም መመለስ የለም፣ በትንሹም ቢሆን። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል፣ ሊፈጥንም ይችላል። ቀላል ሽፍታ ሆኖ ከተገኘ አንዳንድ ኒውሮሎጂስቶች (የነርቭ ሐኪሞች) ከብዙ ጊዜ በኋላ በጣም ትንሽ አድርገው የሚሞክሩበት ሁኔታ አለ፣ ግን ያን የሚወስነው ኒውሮሎጂስቷ ብቻ ነው። የተረፈውን መድኃኒት ቤት አታስቀምጪው።

የሚቀጥለውን ደግሞ ከልብሽ ያዢው። ላሞትሪጅን፣ ካርባማዜፒን፣ ኦክስካርባዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በኬሚካል አሠራራቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አንዱ የጎዳውን ልጅ ሌላውም ሊጎዳው ይችላል፤ በተለይ በካርባማዜፒን፣ በፌኒቶይንና በፌኖባርቢታል መካከል ይህ በብዛት ይታያል። ለምን አጥብቄ እንደምነግርሽ ታውቂያለሽ? ልጅሽ አንድ ቀን መንቀጥቀጡ አልቆም ብሏት ድንገተኛ ክፍል ብትገባ በደም ሥር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል አሉ። የሚቀበላት ሐኪም የዛሬውን ታሪክ አያውቅም። እሷ ራሷን ስታለች፣ አንቺ ላትኖሪ ትችያለሽ። ሌቬቲራሴታምና ቫልፕሮኤት ከነዚህ ቡድን ውጪ ናቸው፣ ስለዚህ አማራጭ አለ፤ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ጉበቷ ተቆጥቶ ከተገኘ ደግሞ ቫልፕሮኤቱ ራሱ እንደገና ሊታይ ይገባል፣ ውጤቱ ሲመጣ ይህንንም አንሺባቸው።

ስለ ወንድሟ፦ እንዲህ ያለው የመድኃኒት ጉዳት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ስለሚታይ ለሱም መድኃኒት ሊታዘዝ ከሆነ የእህቱን ታሪክ አስቀድመሽ ንገሪ። ለትኩሳት መንቀጥቀጥ ፌኖባርቢታል የሚያዝ ሐኪም ሊገጥምሽ ይችላል።

ስለ ደም ምርመራው፣ ወንድሜ፣ አዎ እውነት ነው። በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች በካርባማዜፒን ስቲቨንስ ጆንሰን የያዛቸውን 44 ሰዎች ሲመረምሩ 44ቱም ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 የሚባል የዘር ምልክት ነበራቸው፤ መድኃኒቱን ወስደው ምንም ካልሆኑት መካከል ግን የተገኘው 3 በመቶ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የእስያ ዝርያ ላላቸው ሰዎች ካርባማዜፒን ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመሩ አሳሰበ። ኤችኤልኤ-ኤ 31፡01 የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ በሌሎች ሕዝቦችም ላይ ይገኛል። ግን ምርመራው ንጹህ ነው ማለት ልጁ አይነካም ማለት አይደለም። ለላሞትሪጅን ደግሞ እንዲህ የሚያስተማምን ምርመራ የለም፤ እዚያ ላይ መከላከያው በትንሹ መጀመርና ቀስ ብሎ መጨመር ነው። አንድ ማሳሰቢያ ላሞትሪጅን ያለችግር ለሚወስዱ ልጆች ወላጆችም፦ መድኃኒቱ አልቆ ለቀናት ከተቋረጠ በነበረበት መጠን አትመልሱት፣ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከታች እንደገና መጀመር ሊኖርበት ይችላል።

የልጅቷ እናት፦

የጉበቷ ውጤት መጣ፣ ደህና ነው። ሽፍታው አልጨመረም፣ ትኩሳቷም ቀንሷል። ሐኪሙ ቀለል ያለው ዓይነት ይመስላል ብሏል፣ ላሞትሪጅኑ ግን አይመለስም። ስትወጣ ለሚያያት ሐኪም ሁሉ የምታሳዩት ወረቀት እጽፍላችኋለሁ አለ። ምን እንዲጽፍልኝ ልጠይቀው?

በዚህ ያለፈች እናት፦

ተመስገን! እኔ የልጄን ካርድ የማስጽፈው እንዲህ ነው፣ አንቺም እንደዚህ አስጽፊው፦ የልጅቷ ሙሉ ስም፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ አሁን የምትወስደው መድኃኒትና መጠኑ። ከሥሩ በትልቁ ‹‹ላሞትሪጅን አይሰጣት። ትኩሳት ያለው ሽፍታ አምጥቶባታል››። ከዚያ ‹‹ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ኦክስካርባዜፒን ከኒውሮሎጂስቷ ጋር ሳይመካከሩ አይስጧት››። ከዚያ መንቀጥቀጥ ካልቆመላት የትኛው ይሰጣት የሚለውን ሐኪሙ ራሱ ስሙን ይጻፈው፣ ይህን አስጨንቀሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱም አይሰጣት የሚል ብቻ ካለ የሚያክማት ሰው ምን ልስጣት ብሎ ይቸገራል። ቀኑ፣ ፊርማው፣ ስልኩ። ሽፍታው ሲጀምር ያነሳሽውን ፎቶም ስልክሽ ላይ እንዳታጠፊው። ወረቀቱን ሦስት አራት ኮፒ አድርገሽ አንዱን የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱን አስተማሪዋ ጋ፣ አንዱን አባቷ ኪስ ውስጥ አድርጊ።